ድሪቶና ሲንጀር

የአክስቴ ልጅ ከመርሳ ደውላ «ጋሼ፣ የትኛውን የስፌት መኪና ልግዛ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ስለ ስፌት ያለኝ ዕውቀት የተነቀለ ቁልፍ መልሶ ከመትከል አያልፍም። ይሁንና አዲስ አበባ የሚኖርና በመጽሔት ላይ የሚጽፍ ዘመድ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን ጥያቄው ወደኔ መምጣቱ ብዙም አላስደነቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ልጅ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ኖራ አገሯ ከገባች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። አሁን እቁብ ሊወጣላት ነው። በእቁቡ ገንዘብ መኪና ገዝታ፣ ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች፣ በመካከሉ ጥጥ እየጨመረች፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ወፍራም የሌሊት ልብስ ለመስፋት አስባለች። የሐብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ራሷ ሞቃት ናት፤ ማንጎና ብርቱካን የሚያፈራ አገር ብርድ ልብስ አያስመኝም። ከበላይዋ ያለው ደጋ ግን ሌላ ነው። ከመቄትና ከደላንታ የሚወርደው ሰው የሌሊቱን ብርድ አሳምሮ ያውቀዋል። ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና ደግሞ ለሁሉም አይደርስም። ወልድያ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ደገኛውን ገበያ ላይ ማግኘት አያስቸግርም።

«እንግዲያ ድሪቶ ልትሰፊ ነዋ!» አልኳት ሳላስብ።

ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘም አለብኝና ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኋላ ግን «አዎ፣ ድሪቶ ነው። የሚያሞቅ ከሆነ ሰው ይገዛዋል» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፈርኩ። ሰው ሠርቶ ለማደር መኪና ልግዛ ሲል እኔ በአንዲት ቃል ሥራውን ገና ሳይጀመር አዋረድኩት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርሷ ጥያቄ የሰጠሁት ዘግየት ያለ መልስ ነው። መልሱን ስፈልግ የገበያ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ታሪክ ውስጥ ገባሁ፤ ስወጣም ምን ዓይነት መኪና መግዛት እንዳለባት ያወቅሁ መሰለኝ።

* * *

እስቲ ከተዋረደችው ቃል እንጀምር። «ድሪቶ» «ደረተ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ደረተ ማለት እራፊን በእራፊ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው። ልብስ ሲቀደድ ይጣፋል፤ የተጣፈበት ሲቀደድ ሌላ ይደረብበታል፤ እንዲህ እየተባለ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ ይደረታል። ቀን የሚለበስ ድሪቶ አለ፤ ሌሊት የሚደረብ ድሪቶ አለ። ሁለቱንም የሚያሰፋው ድህነት ስለሆነ ቃሉ በአንደበታችን ስድብ ሆኖ ቀርቷል። መልክ የሌለው ጽሑፍ ስናይ እንኳ «ድሪቶ ነው» እንላለን። እኛ ጸሐፊዎች ከልብስ ሰፊዎች ይልቅ በዚህ ቃል ብንሰደብ ያምርብናል።

ነገር ግን ድሪቶ ሁልጊዜ የውርደት ምልክት አልነበረም። ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ድሪቶውን እንደ ማዕረግ ይለብሰዋል። በእስልምናም በኩል የሱፊ ድሆች የተጣጣፈ ልብስ የመናኝነታቸው ምልክት ነበር። ከዚሁ ልማድ የወጣው «ጅባ» የሱዳኑ ማሕዲ ተከታዮች መለዮ ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁበት ጦርነት ያጋጠማቸው የድርቡሽ ሠራዊት የለበሰው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ልብሱ የሚጣፈው ስለተቀደደ ነበር፤ ኋላ ግን አዲስና ነጭ በሆነ ሸማ ላይ ሳይቀር ባለቀለም እራፊ በልክ ተቆርጦ ይሰፋበት ጀመር። ድህነት መለዮ ሲሆን እንዲህ ነው።

ባሕር ማዶ ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች «ክዊልት» የሚሉት አለ። ላዩ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መካከሉ ጥጥ፣ ታቹ አቡጀዲ ሆኖ ሦስቱ በክር አንድ ላይ የሚወጉበት የሌሊት ልብስ ነው። ክሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥጡ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ እንዳይጎረብጥ የሚይዘው እርሱ ነው። በአላባማ ክፍለ ሀገር ጂስ ቤንድ በምትባል ቦታ የሚኖሩ፣ ከባሪያ የተወለዱ ጥቁር ሴቶች ይህንን ካለቀ የሥራ ሱሪና ካረጀ ሸሚዝ ሲሰፉ ኖረዋል። የሰፉት ብርድ እንዳይገድላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. የአካባቢው ሴቶች ተሰባስበው የስፌት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጂስ ቤንድ ድሪቶዎች ኒውዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ዓለም እንደ ታላቅ ሥዕል አያቸው። ጨርቁ ያው የድሃ ጨርቅ ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

* * *

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ሰው በመርፌ መስፋት ከጀመረ እልፍ ዘመን አልፏል። የስፌት መኪና ግን የትናንት ልጅ ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ልብስ ሰፊ ባርተሌሚ ቲሞንዬ እ.ኤ.አ. በ1830 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቶ፣ ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪና ተክሎ የወታደር ልብስ መስፋት ጀመረ። የከተማው ልብስ ሰፊዎች እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው ብለው ተነሡና መኪናዎቹን ሰባበሩበት። መኪናና ሰው ሲተዋወቁ እንዲህ በጠብ ነበር።

የዛሬውን መኪና መሠረት የጣለው ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ ነው። ሃው በወጣትነቱ በማሳቹሴትስ፣ ሎዌል በምትባለው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ፣ የፈትልና የሽመና መኪና በሚሠራበት ፋብሪካ ሙያ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1846 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበት መኪና ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ነበር። አንደኛው፣ የመርፌው ቀዳዳ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ጫፉ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከታች ሌላ ክር የያዘች መወርወሪያ መኖሯ ነው። መርፌው ጨርቁን ወግቶ መመለስ ሲጀምር የላዩ ክር ቀለበት ይሠራል፤ መወርወሪያዋ በዚያ ቀለበት ውስጥ የታቹን ክር ይዛ ታልፋለች፤ መርፌው ሲመለስ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። በአንድ ክር ብቻ የሚሠራ የሰንሰለት ስፌት ጫፉ ከተሳበ ይተረተራል፤ የሁለት ክር ቁልፍ ግን በቀላሉ አይፈታም። መወርወሪያን የኛ ሸማኔ ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል። እንግዲህ የስፌት መኪና በውስጧ ትንሽ ሸማኔ ተቀምጦባታል ብንል አላጋነንም።

አይዛክ ሲንገር የመጣው ከሃው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. ቀጥ ብሎ የሚወርድ መርፌና ጨርቁን የሚጫን እግር ያለው ጠንካራ መኪና ይዞ ብቅ አለ። ከሃው ጋር ፍርድ ቤት ተካስሰው ሲንገር ለመክፈል ተገደደ። ይሁን እንጂ ስሙ የቀረው የሲንገር ሆነ፤ ምክንያቱ የንግድ ብልሃት ነው። ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. መኪናውን በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ እንዲቻል አደረገ። በአንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት የማይችል ቤተሰብ መኪናውን ቤቱ ወስዶ፣ በእርሱው ሠርቶ፣ ዕዳውን ከፈለ። የኛ ሰው ይህን ያለ ኩባንያ በእቁብ ሲያደርገው ኖሯል።

ወደ አገራችን ከገቡት አሮጌ ሲንጀሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ከተማ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የተተከለው ፋብሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. 11 ሺህ ያህል ሠራተኞቹ አድማ መትተውበታል። በ1980 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ዛሬ ፋብሪካው የለም፤ የባቡር ጣቢያው ግን እስካሁን «ሲንገር» ይባላል። መኪናዎቹም በየበረንዳው አሉ።

* * *

ወደ ኢትዮጵያ የስፌት መኪና ብቻውን አልመጣም፤ ጨርቅ መንገድ ጠርጎለታል። ሸማ በባሕርዩ አይቆረጥም። ሴት ፈትላው፣ ወንድ ሸምኖት፣ ጥንዱ በመርፌ ተጋጥሞ ይለበሳል። በ1760ዎቹ ዓ.ም. ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው ልብስ ማጠብ እንኳ የወንድ ሥራ ነበር፤ ሴት አትረዳበትም። ከፈትል በኋላ ጨርቅ የወንድ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ኋላ አቡጀዲ መጣ። አቡጀዲ በብዛት የአሜሪካ ጨርቅ ነበር፤ የታወቀበት አገርም ሃው ሙያውን የተማረበት የማሳቹሴትስ አካባቢ ነው። የጨርቁና የመኪናው ትውልድ ቦታ አንድ መሆኑ ይገርማል። የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም ከጀርባው የነበረው ዋነኛ ጉዳይ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። የምድር ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። አቡጀዲና ካኪ እንደ ሸማ ተጣጥፈው አይለበሱም፤ ተለክተው ይቆረጣሉ፣ ይሰፋሉ። ያኔ ልብስ ሰፊ የግድ ሆነ።

የዚያን ዘመን ድምፅ ለመስማት የሚፈልግ ሐረር ጀጎል ይሂድ። እዚያ «መኪና ግርግር» የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከአውቶሞቢል አይደለም፤ ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት መኪናዎች ድምፅ ነው። ተቀምጠው የሚሰፉት ወንዶች ናቸው፤ ጨርቁን መርጠው፣ ተከራክረው የሚያሰፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው።

አገራችን የእጅ ባለሙያን ስታዋርድ የኖረች መሆኗን መቼም አንክደውም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው በሥራው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። የመኪና ልብስ ሰፊ ግን እንደኔ ግምት ከዚህ ስድብ በአብዛኛው አምልጧል። ከውጭ የመጣ ብረት ፊቱ ስለተቀመጠ ይመስለኛል። ያው ጨርቅ፣ ያው ክር፣ ያው መርፌ ሆኖ መርፌውን እጅ ሲይዘው ድሪቶ፣ ብረት ሲይዘው ሙያ ተባለ። እኔም በስልክ የደገምኩት ይህንኑ ነው።

ማሽን አልወድም ይሉ የነበሩት ማሕተመ ጋንዲ እንኳ ለስፌት መኪና ምሕረት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ስለ ማሽን ሲጠየቁ፣ ከተፈጠሩት ጥቂት ጠቃሚ ነገሮች አንዱ መሆኑን ተናግረዋል። መኪናው ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ፋብሪካ አይወስድም፤ ራሱ ሰው ቤት ይገባል።

* * *

ወሎ ላይ መኪናው መንገድ ተከትሎ ገባ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮ በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ከደሴ ወደ መቀሌና አሥመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ የዚህ መንገድ ከተሞች ናቸው። ኋላም ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር ቻይናውያን ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርሰውን፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሠሩ። ወልድያ መስቀለኛ ሆነች። በመስቀለኛ መንገድ ላይ ሻይ ቤት፣ ጋራዥና ልብስ ሰፊ አይጠፋም። ለዒድ ጀለቢያ፣ ለፋሲካ ቀሚስ፣ ለመስከረም የተማሪ ልብስ እዚያው በረንዳ ላይ ይሰፋል።

የአክስቴ ባል አባት እንዲህ ያሉ የመርሳ የበረንዳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲንጀራቸውን ከደሴ የገዟት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው ይባላል። ቁጥሯን አይቼዋለሁ፤ «ዋይ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ይህ ፊደል በክላይድባንክ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ለተሠሩት የተሰጠ ነው፤ ዓይነቷም 15 ቁጥር ነች። በጥቁር ገላዋ ላይ በወርቅ ቀለም የተሳለ፣ የአንበሳ ገላና የሰው ፊት ያለው የግብፅ ስፊንክስ አለባት። አክስቴ ግን እስካሁን የይሁዳ አንበሳ ነው ብለው ያምናሉ፤ እኔም አልተከራከርኳቸውም።

አክስቴ ሲዳሩ ከዚህች መኪና ጋር አንድ ቤት ገቡ እንጂ መኪናዋን መንካት አልተፈቀደላቸውም ነበር። ዘመኑ ያንን ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1924 ዓ.ም. የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ለሴት ልጅ ስፌትና ጥልፍ ማስተማርም እየተለመደ ሄደ። በረንዳው ግን የወንድ ነበር። ሴቲቱ ቤት ውስጥ በእጇ ድሪቶ ትደርታለች፤ አማቷ ውጭ ቁጭ ብለው በመኪና ይሰፋሉ። አክስቴ መኪናዋን የወረሱት ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ነው። መጀመሪያ ክር አስገቢ፣ ቀጥሎ ቁልፍ ተካይ፣ በመጨረሻ ሰፊ ሆኑ። መኪናዋም ከበረንዳ ወደ ጓዳ ገባች።

እዚህ ላይ ስለ ረሃብ ሳልናገር ባልፍ ወሎን አላወቅሁትም ማለት ነው። ስለ 1965ና 66ቱ የወሎ ረሃብ የጻፉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ነገር አስረድተዋል። ረሃቡ የእህል መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የሰው የመግዣ አቅም መውደቅ ነበር። እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር ተጭኖ ይወጣ ነበር። የተራበው ገበሬ ልብስ አያሰፋም፤ ስለዚህ ከገበሬው ጋር የእጅ ባለሙያውም አብሮ ይራባል። በ1977ቱ ረሃብም ያው ነው። አክስቴ ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ «መኪናዋ ነበረች፤ ጨርቅ የሚያመጣ ሰው ግን አልነበረም» ይላሉ። መኪና በራሱ እንጀራ አይሆንም። ገበያው ሲሞት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ብረት ነው። ስለዚህ ሰው ዕዳ ገብቶ ውድ መኪና ከመግዛቱ በፊት፣ ሥራ የጠፋ ጊዜ ዕዳው የማያንቀውን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ሌላም ፈተና መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። አክስቴ ከመሸሻቸው በፊት የሲንጀሯን ራስ ከጠረጴዛው ነቅለው፣ ዘይት በነካ ጨርቅ አሽተው፣ በአሮጌ ድሪቶ ጠቅልለው፣ ማድ ቤት አመድ ሥር ቀበሩት። ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፏል። የመኪናዋ እግርና ጠረጴዛም የለም። ማን እንደወሰደው አልታወቀም። አመዱን ሲቆፍሩ ግን ራሷ በድሪቶዋ ውስጥ እንደተኛች ተገኘች። የእጅ መዘውር አስገጠሙላትና መብራት ገና ሳይመለስ የልጆች ሱሪ መስፋት ጀመሩ።

* * *

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቤት ውስጥ ድሪቶ፣ ወይም ደኅና ስም ከተፈለገ ወፍራም የሌሊት ልብስ፣ ለመስፋት የትኛው መኪና ይሻላል? በውጭ አገር ለዚሁ ብቻ የሚሠሩ ረጅም ክንድ ያላቸው መኪናዎች አሉ። እነዚያ አንድ ክፍል የሚሞላ መዘርጊያና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋሉ። ለመርሳ ቤት አይሆኑም። ቀላሉ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለስስ ጨርቅ ደኅና ነው፤ ጌጥ ስፌትም ያውቃል። ነገር ግን ብዙዎቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ ስላለበት ሦስትና አራት ድርብ ጨርቅ ከነጥጡ ሲገባባቸው ያቃስታሉ። ብዙ ዓይነት ስፌት ማወቃቸውም ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ድሪቶ የሚፈልገው አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው።

የሚሻለው ከብረት የተሠራ፣ በእግር የሚረገጥ፣ የሲንጀር 15 ቁጥር ዓይነት ነው። ሻንጋይ የሚሠራው ባለ ቢራቢሮ ምልክት መኪናም የዚሁ ግልባጭ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ብልጫ ዕድሜው አይደለም፤ መርፌውና ቦቢናው ዛሬም መሸጡ ነው። በአያት ዘመን የተሠራ መኪና ዛሬ ከሱቅ የተገዛ መርፌ ይቀበላል። ቺንጊያው ሲበጠስ ቆዳ ይቀጠልለታል። መብራት ሲኖርና ሥራው ሲስፋፋ ከብዙዎቹ ላይ ትንሽ ሞተር ማሰር ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ሞተሩን ትቶ መርገጥ ነው።

አሮጌ የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይመልከት። መዘውሩን በእጁ ያዙር፤ ሳይንገጫገጭ ልስልስ ብሎ መዞር አለበት። መርፌው የተተከለበትን ዘንግ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይነቅንቀው፤ የሚላወስ ከሆነ ተበልቷል። ከታች ጨርቁን የሚስበው ጥርስ ስለት እንዳለው በጣቱ ይንካ። የቦቢናው ቤት መኖሩን ያረጋግጥ። በመጨረሻም ባለሱቁ በሚሰጠው ስስ ጨርቅ ላይ ሳይሆን፣ ራሱ ይዞት በሄደው አራት ድርብ አቡጀዲና ጥጥ ላይ ይሞክረው። ከሁሉ በፊት ግን በሰፈሩ ጠጋኝ የሚያውቀው መኪና መሆኑን ይጠይቅ።

ለወፍራም ሥራ አንድ ችግር አለ። ጥርሱ የሚስበው የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ስለሆነ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀርና ይጨማደዳል። መድኃኒቱ ሦስቱን ድርብ አስቀድሞ በእጅ በሰፊው መሸለል፣ የእግሩን ጫና ላላ ማድረግ፣ ወፈር ያለ መርፌ ማስገባትና ስፌቱን ማስረዘም ነው። ሌላው ችግር በመርፌውና በመኪናው ምሰሶ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ስንዝር ብዙ አለመብለጡ ነው። ሰፊ የሌሊት ልብስ ተጠቅልሎም እዚያ ውስጥ በችግር ነው የሚያልፈው። ለዚህ መፍትሔው ሸማኔዎቻችን ዘንድ አለ። ሸማ በአንድ ጊዜ በሙሉ ስፋቱ አይሠራም፤ ጠበብ ብሎ ተሠርቶ ኋላ ይጋጠማል። ድሪቶውም እንዲሁ በጠባብ በጠባቡ ከነጥጡ ተሰፍቶ በመጨረሻ ቢጋጠም መኪናው አይጨነቅም።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። እናቷ አጠገቧ ሆነው ሲነበብ ሰሙ። «ታዲያ ይህ የኔይቱ አይደለችም እንዴ?» አሉ ይባላል። እውነታቸውን ነው። 15 ቁጥር፣ ብረት፣ ጠጋኙ የሚያውቃት፣ መርፌዋ ሱቅ የሚገኝ። የጠፋው እግሯ ብቻ ነበር። የቻይናው መኪና ግልባጭ በመሆኑ ጠረጴዛው ለሲንጀሯ ልክ ሆነ። ከወልድያ እግርና ጠረጴዛ ብቻ ተገዛ። የቀረው የእቁብ ገንዘብ ለጥጥና ለአቡጀዲ ዋለ፤ ዕዳም አልተገባም።

ሰሞኑን እንደገና ደወለች። የመጀመሪያውን ለእናቷ ሰጥታለች። ሁለተኛውን ከመቄት የወረዱ አንድ ሰው ወልድያ ገበያ ላይ ገዝተዋታል። «ምን ብለሽ ሸጥሽው?» አልኳት።

«ድሪቶ ነዋ» አለችኝ። «ሰውዬው ዳብሰው፣ ዳብሰው፣ ‹አዪ! ይሄስ የወግ ድሪቶ ነው› ብለው ወሰዱት።»